በቤርሳቤህ ሳንጃ ይዘው የጋለቡት፦ ፈረሰኛ ወይስ እግረኛ?

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ቤርሳቤህ ነው። አንድ መናፈሻ ውስጥ ፈረሱን በአሸዋ ጆንያ ላይ የሚያዘልል የአውስትራሊያ ወታደር ሐውልት አለ። ባለፍን ቁጥር ልጆቼ ስለሱ ይጠይቁኛል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውስትራሊያውያን ከተማዋን በፈረስ ጋልበው ያዙ ይባላል። ሌላ ቦታ ደግሞ ሰዎቹ ፈረሰኞች ሳይሆኑ እግረኞች ናቸው የሚል አነበብኩ። የቱን ልንገራቸው? መትረየስ ባለበት ዘመን ሳንጃ ይዞ መጋለብስ እብደት አይደለም? በዓለም የመጨረሻው የፈረስ ጥቃት ነው የሚባለውስ እውነት ነው?»

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ በአጭሩ ልመልስ። ሰዎቹ በፈረስ የሚጓዙ እግረኞች ነበሩ። ጥቃቱ እብደት አልነበረም። የመጨረሻውም አልነበረም። እኔን ይህን ውጊያ በፍቅር እንዳጠና ያደረገኝ ግን ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ነገር ነው። የዚያን ቀን ድል የተገኘው ሰዎቹ ፈረሰኞች ስላልነበሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረሰኛ ጦር የሚባለው ከኮርቻው ሳይወርድ በጎራዴ ወይም በጦር የሚዋጋው ነው። የአውስትራሊያ ላይት ሆርስ ግን እንዲህ አልነበረም። የሠለጠኑት በጠመንጃ ለመዋጋት ነው። ጎራዴ እንኳ አልታጠቁም። ፈረሱ ለእነሱ ታክሲ ነበር ማለት ይቻላል፤ ውጊያው ቦታ ያደርሳቸዋል፣ እስኪጨርሱ ይጠብቃቸዋል። ጠላት አጠገብ ሲደርሱ ይወርዱና እንደ ማንኛውም እግረኛ በደረታቸው ተኝተው ይተኩሳሉ።

የሚሠሩት አራት አራት ሆነው ነው። አራቱ አብረው ይጋልባሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ለውጊያ ሲወርዱ ሦስቱ ወደ ፊት ይሄዳሉ። አራተኛው የአራቱንም ፈረሶች ልጓም ይዞ ጥይት ወደማይደርስበት ቦታ ይሸሻል። ስለዚህ ከጦሩ ሩብ የሚሆነው አይተኩስም። ሦስት ሬጅመንት ያለው ሙሉ ብርጌድ ከፈረስ ሲወርድ፣ የተኩስ ኃይሉ ከአንድ የእግረኛ ሻለቃ ብዙም አይበልጥም ነበር። ይህን ነገር ያዥልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ዘዴው በብዛት የተቀሰመው ከደቡብ አፍሪካ ነው። ከ1899 እስከ 1902 በተካሄደው የቦር ጦርነት ላይ ቦሮች (ከሆላንድ የመጡ ነጭ ሰፋሪዎች ዘሮች) በፈረስ ደርሰው፣ ወርደው፣ አነጣጥረው ተኩሰው፣ ተመልሰው ይሰወሩ ነበር። የእንግሊዝን ጦር በዚህ አሠቃዩት። በእንግሊዝ ወገን የተዋጉ አውስትራሊያውያንም ትምህርቱን ይዘው አገራቸው ገቡ።

መትረየስ ምን እንደሚያደርግ አያውቁም ነበር እንዳይባል፣ ከማንም በላይ ያውቁታል። በ1915 ቱርክ ውስጥ ጋሊፖሊ ላይ ፈረሶቻቸውን ግብፅ ትተው በእግራቸው ተዋግተዋል። በኦገስት 7 ኔክ በሚባለው ጠባብ ሸንተረር ላይ የላይት ሆርስ ወታደሮች በተከታታይ ከምሽግ እየወጡ ወደ ቱርኮቹ መትረየስ ሮጡ። እዚያው አለቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤርሳቤህ ላይ ኮርቻ ላይ የወጣው ጦር ይህን ታሪክ ጠንቅቆ የሚያውቅ ጦር ነው።

አሁን ወደ 1917 እንምጣ። የእንግሊዝ ጦር ከግብፅ ተነስቶ፣ ሲናን አቋርጦ በቱርኮች (በኦቶማኖች) እጅ የነበረችው ፍልስጤም ደጃፍ ላይ ደርሷል። በሩ ጋዛ ነው። በማርች አንኳኩ፣ አልተከፈተም። በኤፕሪል ታንክና የመርዝ ጋዝ ጨምረው ደገሙት፣ አሁንም አልተከፈተም። አዛዡ ተነስቶ በሰኔ ወር ጄኔራል ኤድመንድ አለንቢ ተተካ። አለንቢ የጄኔራል ፊሊፕ ቼትዎድን እቅድ ተቀበለ። ጋዛ ላይ የሚመቱ መስለው ይታያሉ። ዋናው ምት ግን በመስመሩ ሌላኛው ጫፍ፣ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ቤርሳቤህ ላይ ያርፋል።

ቱርኮቹ ቤርሳቤህን ችላ አላሏትም። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ በኩል ጥሩ ምሽግ ቆፍረዋል፣ የሾህ ሽቦ ዘርግተዋል። በምሥራቅ በኩል ግን ምሽግ እንጂ ሽቦ አልነበረም። በዚያ በኩል ያለው በረሃ ነው፤ ውኃ የለውም። ትልቅ ጦር በዚያ ዞሮ ሊመጣ አይችልም፣ ቢበዛ ጥቂት ፈረሰኞች ይመጡ ይሆናል ብለው አሰቡ። ስሌቱ ሞኝነት አልነበረም። በረሃ ላይ የሚሠራ ፈረስ በቀን 30 ሊትርና ከዚያም በላይ ውኃ ይፈልጋል። ፈረሶቹን በብዙ ሺህ አባዢውና የችግሩን መጠን ታገኚዋለሽ።

እንግሊዞቹ መፍትሔውን የጀመሩት ከጉድጓድ ቁፋሮ ነው። ኻላሳ እና አስሉጅ በሚባሉ ቦታዎች መሐንዲሶች አሮጌ ጉድጓዶችን ጠርገው ውኃ አወጡ። ከዚያ የበረሃው የፈረስ ጦር ኮር ሌሊቱን ሙሉ ተጓዘ። የኮሩ አዛዥ አውስትራሊያዊው ሌተናል ጄኔራል ሃሪ ሾቬል ነበር። ብዙዎቹ በዚያ ሌሊት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ጋልበዋል። ፈረሱ ሰውየውን፣ ጠመንጃውን፣ ጥይቱን፣ ስንቁንና የራሱን ገብስ ተሸክሞ ነው፤ በጠቅላላው እስከ 130 ኪሎ። ሲነጋ በከተማዋ ምሥራቅ ነበሩ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የጊዜ ጉዳይ ነው። ከተማዋ እስከ ማታ ካልተያዘች ፈረሶቹን ለማጠጣት ያንኑ ረጅም መንገድ መመለስ ሊመጣ ነው። ያን ጊዜ ድንገተኛው ምት ከሸፈ፣ የጋዛውም እቅድ አብሮ ፈረሰ።

አብርሃም ከአቢሜሌክ ጋር የተማማለባት ቤርሳቤህ ይህችው ናት። ዘፍጥረት 21 ላይም ክርክሩ ስለ ውኃ ጉድጓድ ነበር። ለልጆችሽ ከዚህ ብትጀምሪላቸው ጥሩ ነው፤ ውጊያውን ውኃ ነው ያመጣው።

ቀኑ ኦክቶበር 31 ቀን 1917 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 21 ቀን 1910 ዓ.ም.። ገና በማለዳው መድፍ ከምዕራብ በኩል አጓራ። የቼትዎድ እግረኞች ከቀትር በኋላ ብዙም ሳይቆዩ በዚያ በኩል ያሉትን ዋና ዋና ምሽጎች ያዙ። ብዙ የድል ትረካዎች ይህን ክፍል ይዘሉታል፤ ያሳዝነኛል። የቀኑን ትልቁን የደም ዋጋ የከፈሉት እነዚህ እንግሊዛውያን እግረኞች ናቸው።

በምሥራቅ ያለው ግን ተጣበቀ። ቴል ኤል ሳባ የሚባል ጉብታ ደረቁን ወንዝ ከላይ ሆኖ ይቆጣጠራል። አንድ ሻለቃ የማይሞላ የኦቶማን ጦር መትረየስ ጠምዶ እዚያ ተቀምጧል። የኒውዚላንድና የአውስትራሊያ ወታደሮች ከፈረስ ወርደው፣ እየተሳቡ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተከለሉ ሲቃረቡ ሰዓታት አለፉ። ጉብታው የተያዘው ወደ ቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው። እነዚያን ተከላካዮች ሳላደንቅ አላልፍም፤ በቁጥር ከእጥፍ በላይ የሚበልጣቸውን ጦር ግማሽ ቀን አስቆሙት። በዚያ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 11 ሰዓት ላይ ነው። ለሾቬል የቀረው ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር።

በእጁ ያልተነኩ ሁለት ብርጌዶች አሉ። አንደኛው ጎራዴ የታጠቀ የእንግሊዝ ፈረሰኛ ብርጌድ ነው። ለጥቃቱ የሚስማማው እሱ ነበር፣ ግን ራቅ ብሎ ቆሟል። ሁለተኛው በብርጋዴር ጄኔራል ዊሊያም ግራንት የሚመራው 4ኛው የላይት ሆርስ ብርጌድ ነው። ጎራዴ የለውም፣ ግን ቅርብ ነው። ሾቬል ቅርቡን መረጠ።

እዚህ ላይ ያዥልኝ ያልኩሽን ስሌት አምጪው። ወደ ጥቃቱ የሚገቡት ሁለት ሬጅመንቶች ናቸው፤ የቪክቶሪያው 4ኛ እና የኒው ሳውዝ ዌልሱ 12ኛ። በጠቅላላው ወደ 800 ሰው። በተለመደው መንገድ ወርደው ቢዋጉ 200 ያህሉ ፈረስ ያዥ ሆነው ይቀራሉ። 600 ሰው ምንም መከለያ በሌለው ሜዳ ላይ እየተኮሰ በእግሩ ሲገሰግስ ጨለማው ይቀድመዋል። ከምሽጉ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ፈረስ በሽምጥ የመጨረሻውን 3 ኪሎ ሜትር በስድስትና በሰባት ደቂቃ ይጨርሰዋል። መተኮስ፣ መተኛት፣ መነሳት ሲጨመርበት እግረኛ ያንኑ በሰዓትም አይጨርሰው። ስለዚህ ከኮርቻ ላለመውረድ ተወሰነ። ጠመንጃቸውን ጀርባቸው ላይ አነገቱ። ሳንጃውን መዝዘው እንደ ጎራዴ በእጃቸው ጨበጡት።

ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ፣ ከዚያ በሽምጥ። በተከታታይ መስመሮች ተሰልፈዋል። በሰውና በሰው መካከል አምስት ሜትር ያህል ክፍተት አለ። ይህ ክፍተት የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፤ አንድ የመድፍ ጥይት ሲፈነዳ የሚያገኘው አንድና ሁለት ሰው ነው። ከጎን አንድ መትረየስ ሲጀምራቸው ከኋላ የነበሩት የእንግሊዝ የፈረስ መድፈኞች አነጣጥረው ዝም አሰኙት።

ምሽጉ ውስጥ ያሉት ወታደሮች የላይት ሆርስን ልማድ ያውቃሉ። ከአንድ ዓመት በላይ በሲናና በጋዛ በኩል ተዋግተዋቸዋል። ጋልበው ይመጣሉ፣ ሩቅ ሲደርሱ ይወርዳሉ፣ ከዚያ ይተኩሳሉ። አሁንም የሚወርዱበትን ቅጽበት እየጠበቁ የጠመንጃቸውን ማነጣጠሪያ ለሩቅ ርቀት አስተካከሉ። ሰዎቹ ግን አልወረዱም። ፈረሶቹ በየሰከንዱ ከሰባት ሜትር ባላነሰ ፍጥነት እየቀረቡ፣ ጥይቱም መድፉም በራሳቸው ላይ ያልፍ ጀመር። በኋላ ከተማረኩት ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ማነጣጠሪያቸው አሁንም ሩቁ ላይ እንደተደረገ ነበር የተገኙት። ለዚህ ነው ድሉ ፈረሰኞች ስላልነበሩ ነው የምለው። ጎራዴውን የሚያብለጨልጭ እውነተኛ ፈረሰኛ ቢመጣ ኖሮ እነዚያ ልምድ ያላቸው ተኳሾች ገና ከሩቁ ምን እንደሚመጣ ያውቁ ነበር።

ምሽጉ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ የሆነውም ይህንኑ ይመሰክራል። የ4ኛው ሬጅመንት ሰዎች ብዙዎቹ ምሽጎቹን በፈረስ ዘለው ከወዲያ ማዶ ወረዱ። ሳንጃና ጠመንጃ ይዘው ተመልሰው ወደ ምሽጉ ገቡ። ማለትም የለመዱትን የእግረኛ ውጊያ ተዋጉ፤ የተለየው ከፈረስ የወረዱበት ቦታ ብቻ ነው። ከ12ኛው ሬጅመንት ግን ብዙዎቹ በክፍተት ሾልከው በቀጥታ ወደ ከተማዋ ጋለቡ። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነገሩ አበቃ። ከብርጌዱ 31 ሰው ሞተ፣ 36 ቆሰለ። ቢያንስ 70 ፈረሶች አለቁ። የተማረኩት ከ700 በላይ ነበሩ። ከተማዋን የሚከላከለው ኮር አዛዥ ኢስመት በይ ለጥቂት አመለጠ። በኋላ ኢስመት ኢኖኑ ተብሎ የቱርክ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት የሆነው እሱ ነው።

ከሟቾቹ አንዱን በስም ላንሳ። አልበርት ኮተር ከጦርነቱ በፊት ለአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ ዝነኛ የክሪኬት ኳስ ወርዋሪ ነበር። ቤርሳቤህ ላይ በ12ኛው ሬጅመንት ውስጥ ቁስለኛ አንሺ ሆኖ ሞተ።

ጉድጓዶቹን ለማፈንዳት ቱርኮቹ ፈንጂ አዘጋጅተው ነበር። አብዛኞቹ ግን ሳይጎዱ ተያዙ። ፈረሶቹ በመጨረሻ ጠጡ፤ ከአንድ ቀን በላይ ውኃ ያልቀመሱ ነበሩ። ሁሉም ወዲያው ጠግቦ ጠጣ የሚለው ትረካ ግን ተጋንኗል። የተገኘው ውኃ የታሰበውን ያህል አልነበረም፣ በቀጣዮቹ ቀናትም ጥሙ ጦሩን እየጎተተ አስቸግሮታል። ያም ሆኖ በሩ ተከፈተ። ጋዛ በኖቬምበር 7 ተለቀቀች፣ ኢየሩሳሌም በዲሴምበር 9 እጇን ሰጠች።

ስለዚህ እብደት ነው ወይ ላልሽው፦ ያን ቀን ብዙ ነገር ገጥሟል። ሽቦ አልነበረም። ቴል ኤል ሳባ ቀድሞ ተይዟል። ከምዕራብ እግረኛው የተከላካዩን ኃይል ቀኑን ሙሉ ወጥሮ ይዞታል። መድፍ ከኋላ ይደግፋል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። በተለይ ሽቦው። ድፍረቱ ትልቅ ነው፤ ስሌቱም ከድፍረቱ አያንስም።

ይህ ሁሉ ሳይሟላ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጃንዋሪ 1941 ኤርትራ ውስጥ፣ ከአቆርዳት በስተምዕራብ ኬሩ በሚባል ቦታ ሌላ የፈረስ ጥቃት ነበር። ጣሊያናዊው መኮንን አሜዴኦ ጉይሌት ጣሊያኖች የአማራ ፈረሰኛ ባንዳ የሚሉትን ጦር ይመራ ነበር (ባንዳ በጣሊያንኛ የጦር ቡድን ማለት ነው)። ጋላቢዎቹ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከየመን የተመለመሉ ናቸው። እያፈገፈገ ያለው የጣሊያን ጦር ፋታ እንዲያገኝ ጎራዴና የእጅ ቦምብ ይዘው በብሪታንያና በህንድ ወታደሮች ላይ ጋለቡ። እስከ መድፎቹ አፍንጫ ድረስ ደረሱ። መድፈኞቹ ግን አፈሙዛቸውን አዙረው በቅርብ ርቀት ተኮሱባቸው፣ ከጋላቢዎቹም ብዙ ሰው ረገፈ። ስለ ጉይሌት ብዙ ተጽፏል። ስለ ጋላቢዎቹ፣ ስለ እነዚያ የእኛ አገር ልጆች፣ የተጻፈው ግን እፍኝ አይሞላም። ለማን እንደተዋጉ የሚያከራክር ቢሆንም ታሪካቸው መጻፍ ነበረበት።

ኬሩ ብቻውን የመጨረሻው ነው የሚለውን አባባል ያፈርሰዋል። እንዲያውም ከቤርሳቤህ በኋላ በዚያው ግንባር በኖቬምበር 1917 ሁጅ እና ኤል ሙጋር ላይ የእንግሊዝ ፈረሰኞች ጋልበዋል። በሴፕቴምበር 1918 የህንድ የጆድፑር ፈረሰኞች ሃይፋን በጦር ጋልበው ይዘዋል። በኦገስት 1942 ደግሞ ሩሲያ ውስጥ የጣሊያን ሳቮያ ፈረሰኞች በሶቪየት ወታደሮች ላይ ጋልበዋል። ለልጆችሽ በታሪክ ከታወቁት የተሳኩ የፈረስ ጥቃቶች አንዱ ነው ብትያቸው በቂ ነው።

በኢንተርኔት የሚዞረውን የጥቃቱን ፎቶ ካሳየሻቸው ደግሞ አንድ ነገር ጨምሪ። ፎቶው በውጊያው ቀን መነሳቱ ያከራክራል። ብዙ ተመራማሪዎች በ1918 ለማስታወሻ በተደረገ ድጋሚ ግልቢያ ላይ እንደተነሳ ያምናሉ።

ጦሩ ራሱም ከዚያ ቀን ተምሯል። በ1918 የአውስትራሊያው የፈረስ ክፍለ ጦር ጎራዴ ታደለው። ያኔ ነው በእርግጥ ፈረሰኛ የሆነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር መጀመሪያ ደማስቆ ገባ።

ፈረሶቹስ? ይህን ሁልጊዜ ልጆች ይጠይቃሉ፤ የአንቺም መጠየቃቸው አይቀርም። ዌለር የሚባሉት የአውስትራሊያ ፈረሶች በጦርነቱ ጊዜ ከ130,000 በላይ ሆነው ወደ ውጭ ተጭነዋል። ወደ አገሩ የተመለሰው አንድ ብቻ ነው። ስሙ ሳንዲ ይባላል፤ ጋሊፖሊ ላይ ቆስሎ የሞተው የጄኔራል ዊሊያም ብሪጅስ ፈረስ ነበር። ሌሎቹ በበሽታ ስጋትና በመጓጓዣ ወጪ ምክንያት እንዳይመለሱ ተከለከለ። ያረጁትና የታመሙት ተተኮሰባቸው፣ ደህናዎቹ ለሌላ ጦር ተሰጡ። ያን በረሃ በጀርባቸው ላሻገሩ እንስሳት የተከፈለው ዋጋ ይህ መሆኑ አሁንም ያናድደኛል።

ከተማዋ ውስጥ ስለሆናችሁ ደግሞ ከሐውልቱ ሌላ የምታዩት አለ። ኮተር ያረፈበት የጦር መቃብር እዚያው ነው፤ ከ1,200 በላይ ወታደሮች ተቀብረውበታል። በአሮጌው የቱርክ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ለኦቶማን ወታደሮች የቆመ መታሰቢያ አለ፤ እሱንም አትለፉት። ከሁሉ በፊት ግን ልጆቹን ከከተማዋ በስተምሥራቅ ወዳለው ቴል ቤር ሳባ ብሔራዊ ፓርክ ውሰጃቸው። ቴል ኤል ሳባ የተባለው ጉብታ እሱ ነው። አናቱ ላይ ቁሙና ወደ ከተማዋ ያለውን ሜዳ አሳያቸው። ያ መትረየስ ከዚያ ሳይነሳ ማንም ጋልቦ ሊያልፍ እንደማይችል በዓይናቸው ያዩታል።